ሰማያዊዎቹ ግዙፋን እነማን ናቸው? የ«ላ ፕላኔት ሶቫዥ» ወርቅ ፍለጋ

ቀይ ዓይን ያላት ሰማያዊ ግዙፍ ልጅ አንድ ትንሽዬ ሰው መዳፏ ላይ አስቀምጣ ትደባብሳለች። ሰውየው አንገቱ ላይ ማነቆ ታስሮለታል። ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ልጅቷ መቆጣጠሪያዋን ትነካለች፤ ማነቆውም መሬት ለመሬት እየጎተተ ይመልሰዋል። ይህን የመሰሉ የጥቂት ሰከንድ ቅንጭቦች በማኅበራዊ ሚዲያ ብቅ ባሉ ቁጥር ከሥራቸው አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። አንዱ «ሶቪየት ኅብረት ፕራግን ስትወር የተሠራ የተቃውሞ ፊልም ነው» ይላል። ሌላው የናዚዎችን እልቂት ያይበታል፤ ሌላው ቅኝ ግዛትን፣ ሌላው የእንስሳትን መብት። በቅርቡ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ልጅ የቤት እንስሳ የሚያደርግበትን ዘመን የተነበየ ነው የሚሉ ተጨምረዋል። ምስሉ ራሱ በኮምፒውተር የተፈበረከ የሚመስላቸውም አይጠፉም።

አልተፈበረከም። ፊልሙ «ላ ፕላኔት ሶቫዥ» የተሰኘ፣ 72 ደቂቃ የሚፈጅ የፈረንሳይና የቼኮዝሎቫኪያ የጋራ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ረኔ ላሉ ነው፤ ሥዕሉንና ታሪኩን ያቀናበረው ደግሞ ሮላን ቶፖር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973፣ በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም.፣ በካን የፊልም ፌስቲቫል ልዩ ሽልማት አግኝቷል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «ሶቫዥ» በፈረንሳይኛ ያልተገራ፣ የዱር የሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን «ድንቅ ፕላኔት» ብሎ አለዘበው። ለገበያ ይመች ይሆናል፤ ዱሩ ማን ነው፣ የተገራውስ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን ከርዕሱ ላይ ፍቆታል።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በፊልሙ ላይ ከሚሰጡት ትርጓሜዎች የትኛው ማስረጃ አለው? ፊልሙስ ይህን ያህል ብዙ ትርጓሜ ሊሸከም የቻለው በምን ምክንያት ነው?

ሰምና ወርቅ ወይስ አንድምታ?

እንዲህ ያለውን ሥራ ፈረንጆቹ አሊጎሪ ይሉታል፤ ላዩ አንድ ታሪክ ሆኖ ውስጡ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ ትረካ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ስሜት አዲስ አይደለም። በሳንሱር ዘመን ያደገ አንባቢና ተመልካች ተረት ሲነገረው «ማንን ለማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። በዚያ ዘመን የቼኮዝሎቫኪያ ተመልካችም ልማዱ ይኸው ነበር። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ነው።

ችግሩ የሰምና ወርቅ ልማድ ብዙ ጊዜ አንድ ወርቅ ብቻ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ድራግ የሚባሉት የፊልሙ ሰማያዊ ግዙፋን ሶቪየቶች ናቸው ከተባለ ናዚዎች አይደሉም፤ ናዚዎች ናቸው ከተባለ ቅኝ ገዢዎች አይደሉም። ክርክሩ ማለቂያ የሚያጣው ለዚህ ይመስለኛል። ለዚህ ፊልም የሚቀርበው የሊቃውንቱ ሌላ መንገድ ነው፤ አንድምታ። ንባቡ አንድ ሆኖ «አንድም… አንድም…» እየተባለ ትርጓሜው ይደረደራል፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ይህ ማለት ግን ማንም ያሰኘውን ይበል ማለት አይደለም። ከንባቡ የወጣ ትርጓሜ ጉባኤ ላይ አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ንባቡ።

ንባቡ

ኢጋም በምትባል ፕላኔት ላይ ድራግ የሚባሉ ግዙፍ ፍጡራን ይኖራሉ። (ስማቸው ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።) ቆዳቸው ሰማያዊ፣ ዓይናቸው ቀይ፣ ጆሯቸው እንደ ዓሣ ክንፍ የተዘረጋ ነው። የሠለጠኑ ናቸው፤ ሸንጎ አላቸው፣ ይማራሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተመስጦ ተቀምጠው መንፈሳቸውን ከአካላቸው ያወጣሉ። ከመሬት ያመጧቸው ሰዎች በእነሱ ዓለም ኦም ይባላሉ። በፈረንሳይኛ «ሰው» የሚለው ቃል ሲነገር ኦም ነው፤ በጽሑፍ እንጂ በጆሮ አይለይም። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ቢገኝ መከራውን ያያል፤ «ሰው» የሚለውን ድምፅ ይዞ ሰውነቱን ከውስጡ ማውጣት አለበትና።

ፊልሙ የሚከፈተው ሕፃን ታቅፋ በምትሮጥ ሴት ነው። አንድ ግዙፍ ሰማያዊ እጅ መንገዷን ይዘጋባታል፣ በጣት እየገፋ ይጥላታል፣ ያነሣታል፣ ይለቃታል። ሴትዮዋ ትሞታለች። ገዳዮቿ የድራግ ልጆች ናቸው፤ የሚቆጫቸውም መጫወቻው መበላሸቱ ነው። በአጠገቡ የምታልፈው ቲዋ፣ የትልቁ ሹም የሲን ልጅ፣ ወላጅ አልባውን ሕፃን ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ስሙንም ቴር ትለዋለች፤ ይህም በፈረንሳይኛ ሲሰማ «ምድር» ነው። ልብስ ትቀያይርለታለች፣ ማነቆ ታስርለታለች፣ ትወደዋለች።

ቲዋ የምትማረው ዕውቀትን በቀጥታ ወደ አእምሮ በሚያስገባ የራስ ማዳመጫ ነው። ቴር መዳፏ ላይ ሆኖ ትምህርቱን ይሰማል፤ ይገባዋልም። አድጎ ማዳመጫውን ይዞ ይጠፋል። በአንድ መናፈሻ ውስጥ ከዛፍ ሥር የሚኖሩ የዱር ኦሞችን ያገኛል፣ ማነቆው ይቆረጥለታል፣ ዕውቀቱን ያካፍላቸዋል። በዚህም ማንበብ የቻሉት ኦሞች መናፈሻው ሊጸዳ መሆኑን የሚገልጽ የድራጎች ማስታወቂያ ያነባሉ። ማስታወቂያው የተጻፈው ለድራጎች ነበር፤ ትኋን ማንበብ ይችላል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ከዚያ በኋላ ጽዳት፣ ሽሽት፣ አንድ ድራግ በኦሞች እጅ መገደሉ፣ በተተወ የሮኬት ማከማቻ ውስጥ የዓመታት ድብቅ ሥራ፣ ሌላ የከፋ ጽዳት ይከተላል። የተረፉት በሮኬት ወደ ኢጋም ጨረቃ ያመልጣሉ። የፊልሙ ርዕስ የሆነችው «የዱር ፕላኔት» እሷ ናት። እዚያም የድራጎችን ምሥጢር ይደርሱበታል፤ የተመስጦው መንፈስ የሚያርፍባቸው ግዙፍ ሐውልቶች አሉ፤ ድራጎች በእነሱ አማካኝነት ከሌላ ጋላክሲ ፍጡራን ጋር እየተገናኙ ዘራቸውን ያቆያሉ። ኦሞቹ ሐውልቶቹን በጨረር መሰባበር ሲጀምሩ ኢጋም ትናወጣለች። ድርድር ይከፈታል።

ሶቪየት የሚለው ትርጓሜ ሲመረመር

በጣም የተሰራጨው ይህ ትርጓሜ ስለሆነ ቀድሞ ይታይ። ደጋፊዎቹ የሚይዙት እውነት አለ። ፊልሙ የተሠራው በፕራግ፣ በዪርዢ ትርንካ ስቱዲዮ ነው። በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ስምምነት ጦር ከነሐሴ 20 ወደ 21 ቀን 1968 በሚያነጋው ሌሊት ቼኮዝሎቫኪያን ወርሯል፤ ሥራው ተጠናቆ ለተመልካች የበቃው ደግሞ በ1973 ነው። ስቱዲዮው በስሙ የተጠራለት የቼክ አኒሜሽን ሠሪ ትርንካ ራሱ በ1965 በአንድ ግዙፍ እጅ የሚታዘዝና የሚሰቃይ የሸክላ ሠሪ ታሪክ በአሻንጉሊት አኒሜሽን ሠርቶ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ያ ፊልም ታግዷል። ያንን የሚያውቅ የፕራግ ተመልካች በ«ላ ፕላኔት ሶቫዥ» መክፈቻ ላይ ሰማያዊውን እጅ ሲያይ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ታሪኩ ግን ከወረራው አሥራ አንድ ዓመት ይቀድማል። መነሻው በ1957 የታተመ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ስቴፋን ቩል የሚል የብዕር ስም የያዘ፣ ፒዬር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ነበር። ግዙፋኑ፣ ማነቆው፣ በስርቆት የተገኘው ትምህርት፣ ሽሽቱ ሁሉ ከመጽሐፉ የመጡ ናቸው። «በሶቪየት ወረራ ምክንያት የተጻፈ ነው» የሚለው አባባል ስለዚህ ከንባቡ ይወጣል። «በወረራው ጥላ ሥር የተሣለና የታየ ነው» ቢባል ግን ያስኬዳል። ሁለቱ አባባሎች የተራራቁ ናቸው፤ ክርክሩ የሚደናገረውም በሁለቱ መካከል ነው። ሥራው ሲጀመር የነበረው ታሪክና ሥራው ሲታይ የተገኘው ትርጉም በአንድ ቋት ሲገቡ ተመልካች ደራሲ ይሆናል።

የጽዳት ቋንቋ

የናዚ እልቂት ትርጓሜ ከዚህ ይልቅ ሥር አለው እላለሁ። ቶፖር በ1938 በፓሪስ የተወለደው ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁድ ቤተሰብ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በጦርነቱ ጊዜ በሳቯ አውራጃ ተደብቆ ነበር። ልጅ ሆኖ በትልልቅ ሰዎች ሲታደን ነበር ማለት ነው። ይህ ሰው ከመዳፍ የማይበልጡ ፍጡራንን በቀዳዳ ውስጥ ሲደብቅ፣ ከላያቸውም ጋዝ የሚረጩ መሣሪያዎችን ሲያዘንብ ነገሩን ከየት አመጣው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከሥዕሉም በላይ የሚመሰክረው ቃሉ ነው። ድራጎች ኦሞችን የሚጨርሱበትን ዘመቻ «ደዞሚዛሲዮን» ይሉታል። ቃሉ የተቀረጸው ነፍሳትንና አይጥን ከቤት ማጥፋትን በሚገልጹት የፈረንሳይኛ ቃላት አምሳል ነው። «ኦም ማጥፋት» ብንለው ከ«ትኋን ማጥፋት» ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያድራል። በድራጎች ቋንቋ ግድያ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ንጽሕና ነው። በናዚ ካምፖች ውስጥ ለእልቂት የዋለው ሲክሎን ቢ የተባለው ጋዝም አስቀድሞ ፀረ-ተባይ እንደነበር ይታወቃል። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 ቱትሲዎች በረሮ ይባሉ ነበር። የፊልሙ ብርታት ይህን መንገድ በቃል ሳይሰብክ ማሳየቱ ላይ ነው። የድራግ ሸንጎ ተሰብስቦ ስለ ኦሞች ሲወያይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የለም። ኦሞች በፍጥነት ይራባሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ያቆሽሻሉ፤ ጥያቄው በስንት ጊዜ ይጽዱ የሚለው ነው። የበጀት ስብሰባ ይመስላል።

መውደድና ማጥፋት በአንድ ቤት

እዚህ ላይ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች የሚያነሡት ትርጓሜ ይገባል፤ በችኮላ የሚጣልም አይደለም። ሴራውን ትተን የሚታየውን ብቻ ብንወስድ ፊልሙ የሚለው ግልጽ ነው። እኛ ለውሻና ለድመት የምናደርገውን ሌላ ፍጡር ለእኛ ቢያደርገን ምን እንመስላለን? ቲዋ ክፉ አይደለችም። ቴርን ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ሲታመም ትደነግጣለች። ማነቆውን የምታስርለትም እንዳይጠፋ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሕዝብ እጅ፣ የዱር ኦሞች በጋዝ ያልቃሉ። በሁለቱ መካከል ድራጎች ቅራኔ አይታያቸውም። እኛም በአንድ ቤት ውስጥ ለድመት ወተት እየሰጠን ለአይጥ መርዝ ስናስቀምጥ ቅራኔ አይታየንም።

በእኔ ግምት ፊልሙ ብዙ ትርጓሜ የሚሸከምበት ምሥጢር ይህ ነው። የሚያሳየው አንድን ጨቋኝ አይደለም፤ አንድን አሠራር ነው። አሠራሩ ጥላቻ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የመጠን ልዩነት ነው፤ ታናሹ ከእጅ ስለማይበልጥ ፍቅርም ጥፋትም በእጅ ይደርሱታል። ባሪያ አሳዳሪው ቤተሰብ «ልጃችን ነው» የሚለው አገልጋይና በዘመቻ የሚታደነው ዘመዱ፣ ቅኝ ገዢው በዐውደ ርዕይ የሚያሳየው «የአገሬው ሰው» እና በመትረየስ የሚታጨደው መንደር፣ ሁሉም በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ ያገኛሉ። ድራጎቹ እነማን ናቸው ለሚለው ጥያቄ «አንድም» እያልን ብዙ ስም ልንሰጥ የምንችለው ለዚህ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትርጓሜም በዚሁ በር ይገባል፤ ግን ይከብደዋል። ድራጎች በኦሞች አልተሠሩም፤ ከኦሞች ዕውቀት አልተማሩም። ዕውቀቱ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ከግዙፉ ወደ ትንሹ፣ በስርቆት። ዛሬ የሚፈራው ማሽን የሰውን ጽሑፍና ሥዕል በልቶ የሚያድግ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ ማሽን ጋር የሚመሳሰል ካለ፣ ጌታውን በመስማት የሚማረው ቴር ነው እንጂ ድራጎቹ አይደሉም። ትንቢት ነው የሚሉት ሰዎች ይህን ልብ ያሉት አይመስለኝም።

የድራግ ሳምንት

በፊልሙ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ ግን ሴራውን የሚያንቀሳቅስ አንድ ስሌት አለ። የድራጎች አንድ ሳምንት ለኦሞች አንድ ዓመት ነው። የዳንኤል ሱባኤ ሲቆጠር ለሰማ ሰው ሳምንትን በዓመት መመንዘር እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እዚህ ግን ምንዛሬው ሥልጣንን ይለካል። ቲዋ ገና ለጋ ሳለች ቴር ጎልማሳ ይሆናል፤ የሕይወት ዘመኑን ግማሽ የፈጀው ግንኙነት ለእሷ የአንድ ወቅት ጨዋታ ነው።

ስሌቱ ግን ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ድራጎች ቀስ ብለው ይመክራሉ። አንድ ድራግ ሲገደል ሸንጎው ይደነግጣል፣ ያጠናል፣ ይወስናል፣ አዲስ መሣሪያ ያስፈትሻል። ይህ ለእነሱ ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሮኬት ማከማቻው የተደበቁት ኦሞች ልጅ ወልደው ያሳድጋሉ፣ የተሰረቀውን ዕውቀት ለትውልድ ያስተላልፋሉ፣ ሮኬት ይሠራሉ። ትልቁ ሲመክር ትንሹ ይራባል። የሳይንስ ልብ ወለድ ጥሩ ሲሆን እንዲህ ነው፤ አንድ የተፈጥሮ ሕግ ይቀይርና የሚከተለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።

የራስ ማዳመጫውም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። ዕውቀት ነፃ ያወጣል የሚለውን የተለመደ መልእክት የሚያዩበት አሉ፤ ትክክልም ናቸው፤ ግን ፊልሙ ከዚያ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ቴር ማዳመጫውን ይዞ ወደ ዱሮቹ ሲደርስ በእልልታ አይቀበሉትም። የጠላት ዕቃ ነው፣ ሥርዓታችንን ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ እንዲጠቀሙበት ያስፈቀደው ጥርሳም አውሬ በደረት ላይ ታስሮ በተደረገ ፍልሚያ በማሸነፉ ነው። የተገኘውም የድራጎች ዕውቀት ነው፤ ከእሱ የሚሠራውም የድራጎች መሣሪያ ነው። ኦሞች የራሳቸው የሆነ ዕውቀት ምን እንደነበር ፊልሙ አይነግረንም። በአውሮፓ ቋንቋ ተምሮ አውሮፓን የታገለው የአፍሪካና የእስያ ትውልድ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ የቅኝ ግዛት ትርጓሜ ጠንካራ የሚሆነው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የእጁ ሥራ

ስለ ምስሉ ጥቂት መባል አለበት፤ ብዙ ተመልካች የሚደናገረው በእሱ ነውና። አኒሜሽን ማለት የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በተከታታይ ፎቶ አንሥቶ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው መንገድ ሴል በሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ላይ መሣል ነበር፤ መስመሩ ንጹሕ፣ ቀለሙ ለጥ ያለ ይሆናል። እነ ላሉ ሌላ መረጡ። እያንዳንዱን የእንቅስቃሴ ደረጃ ወረቀት ላይ ሥለው፣ በመቀስ ቆርጠው፣ በተሣለው መልክዓ ምድር ላይ እያስቀመጡ አነሡት። በዚህም የቶፖር ሥዕል ዋና መለያ የሆነው ጥቃቅን የብዕር ጭረት ሳይጠፋ ቀረ። የቶፖርን ንድፍ ይዘው ገጸ ባሕርያቱን የሠሩት ዮዜፍ ካብርት፣ መልክዓ ምድሩን የያዙት ደግሞ ዮዜፍ ቫኛ የተባሉ የቼክ ሠዓሊዎች ናቸው።

ዋጋውም አለው። እንቅስቃሴው ደረቅ ነው፤ ፊቶች ብዙም አይለዋወጡም። በዲዝኒ ፊልም ያደገ ዓይን ጉድለት ይለዋል። ለዚህ ታሪክ ግን ድርቀቱ ይስማማዋል፤ በሕልም ውስጥ መሮጥ አቅቶን የምንቆምበትን ስሜት ያመጣል። ሰርሪያሊዝም፣ አንድሬ ብረቶን በ1924 ማኒፌስቶውን ያወጣለት ንቅናቄ፣ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር፤ የሕልምን አመክንዮ ከእውኑ ዓለም ጋር ማዳቀል። የላሉ አመጣጥ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። ፊልም ከመሥራቱ በፊት በፈረንሳይ፣ ኩር ሼቨርኒ በተባለ ቦታ ባለው የላ ቦርድ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ይሠራ ነበር፤ በ1960 ያወጣውን አጭር አኒሜሽን የሠራው ከታካሚዎቹ ጋር ነው።

የኢጋም ዱር ለሴራው ምንም የማይፈይዱ ፍጡራን ሞልተውበታል። በፉጨት የሚሰበሩ ክሪስታሎች አሉ። ቅርንጫፍ በመሰለ እጁ በራሪ እንስሳትን ይዞ እያራገፈ የሚጥልና የሚስቅ፣ በአጥር ውስጥ የታሰረ የሚመስል ፍጡር አለ። ትርጉም ፈላጊ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ እኔም አልሞክርም። በዚህ ዓለም ውስጥ ጭካኔ ከድራጎች በፊትም እንደነበረ ያስታውሳሉ፤ ከዚያ በላይ ብጎትታቸው ይቀደዳሉ። ሙዚቃው የአላን ጎራጌር ነው፤ ቤዝና ዋሽንት የሚሰሙበት ዝግ ያለ ፈንክ። ፊልሙን አይተው የማያውቁ የሂፕ ሆፕ አድማጮች እንኳ ቁርጥራጩን በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ ሰምተውት ሊሆን ይችላል።

የሚነሡበት ትችቶች

ሁሉም ተመልካች አይረካም። ቴር ውስጡ የማይታይ ጀግና ነው የሚሉ አሉ፤ እናቱን፣ ቲዋን፣ ወገኑን ሲያጣ ፊቱም ልቡም አይናገርም። ልክ ናቸው። ሴት ኦሞች ብዙውን ጊዜ ራቁታቸውን ከመታየት ያለፈ ሚና የላቸውም የሚለውም ልክ ነው፤ የቴርን ማነቆ የምትቆርጠው ሴት እንኳ ብዙም ሳትናገር ታልፋለች። ታሪኩን ወደ ፊት የምትገፋዋ ሴት ቲዋ ናት፤ እሷም ከመሃል ላይ ትረሳለች። አኒሜሽን ሲባል የልጆች ነገር ለሚመስላቸው ወላጆችም አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በአሜሪካ ሲታይ ከወላጅ ጋር ቢታይ ይሻላል የሚል መለስተኛ ደረጃ ብቻ ነበር የተሰጠው፤ ነገር ግን እርቃን፣ የወሲብ ፍንጭና የጅምላ ግድያ አለበት። ሥዕል መሆኑ ሕፃን ልጅን ከዚህ አይጋርደውም።

ያ ሰላም ምን ዓይነት ሰላም ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው መጨረሻው ነው። ብዙ ጽሑፎች ፊልሙን በመግባባት የሚጠናቀቅ ተስፈኛ ታሪክ አድርገው ያቀርቡታል። ፊልሙ ራሱም በደስታ ይናገራል፤ ሁለቱ ወገኖች ታርቀዋል፣ አንዱ ከሌላው ይማራል።

እርቁ የመጣበትን ቅደም ተከተል ላስተዋለ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ኦሞች ማሰብ እንደሚችሉ የሚጠቁም ነገር በድራጎች እጅ ቀድሞም ነበር። ሲን ልጁ መዳፍ ላይ የሚያዳምጠውን ቴርን በዓይኑ አይቷል። በሸንጎው ውስጥ የኦሞችን አስተዋይነት የሚያነሣ ድምፅም አልጠፋም። ያም ሆኖ ጽዳቱ አልቆመም፤ እንዲያውም ማሰብ መቻላቸው ይበልጥ አስፈሪ አደረጋቸው። ድራጎች ለድርድር የተቀመጡት ሐውልቶቻቸው መሰባበር በጀመሩበት፣ ዘራቸው ሊቋረጥ በተቃረበበት ሰዓት ነው። በአንድ በኩል ኦሞች በጋዝ እያለቁ፣ በሌላ በኩል ድራጎች የሕልውናቸውን ምንጭ እያጡ።

ሁለቱ ሊጠፋፉ ስለሚችሉ ተስማሙ ማለት ነው። የፊልሙ ዘመን ለዚህ አስተሳሰብ ስም ነበረው። በቀዝቃዛው ጦርነት ሁለቱ ኃያላን ኒውክሌር የጫኑ ሚሳይሎችን ፊት ለፊት ደግነው የያዙት ሚዛን በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነበር፤ ዲተረንስ፣ ማለትም አጸፋን በማስፈራት መግታት። በዚህ ዓይን ሲታይ «ላ ፕላኔት ሶቫዥ» የቀዝቃዛው ጦርነት ፊልም የሚሆነው በፕራግ ታንኮች ሳይሆን በመጨረሻው ድርድር ነው። በርኅራኄ ተሸንፎ እጁን የሰበሰበ ድራግ አላየንም። ተቃራኒውን የሚሉም መልስ አላቸው፤ ፍርሃት በሩን ከፈተ እንጂ በበሩ የገባው መተዋወቅ ነው፣ ያለ ቲዋ መዳፍም ቴር አንዲት ፊደል አይማርም ነበር። ይህ መልስ ክብደት አለው። በሥዕሉ ላይ ግን ሐውልቶቹ መሰባበራቸውን እናያለን፤ መተዋወቁን የምንሰማው ከተራኪው አፍ ነው።

ውሉም ይነበብ። ኦሞች ጨረቃዋን ለድራጎች ተመስጦ ለቀው ይወጣሉ። በምትኩ አንዲት ሰው ሠራሽ ሳተላይት ትሠራላቸዋለች፤ ስሟም በጥንት አገራቸው በምድር ይጠራል። ሳተላይቷ የምትዞረው ኢጋምን ነው።